የመኻሉ ቤት ስንት ያገኛል?

ከሮቤ እስከ ጎባ፣ በባሌ ደጋ የምትኖሩ አባቶችና እናቶች! «በቀበሌያችሁ አንድ ቤተሰብ በዓመት ስንት ያገኛል?» ተብላችሁ ብትጠየቁ ምን ትመልሳላችሁ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መልሱ ከተሳሳተ የተቸገረው ቤት እንደ ጠገበ ይቆጠራል። እርዳታም ሆነ ምርጥ ዘር ሲመጣ ያልፈዋል። ስለዚህ አቆጣጠሩን አብረን እንማር።

አማካይ ለምን ያታልላል?

ለምሳሌ ሰባት ቤቶችን እንውሰድ። የእያንዳንዱን ገቢ በኩንታል ስንዴ እንቁጠረው። ስድስቱ ቤቶች 6፣ 8፣ 10፣ 12፣ 14 እና 20 ኩንታል አገኙ። ሰባተኛው ብዙ መሬት ተከራይቶ በትራክተር ያርሳል፣ በኮምባይነር ያጭዳል። እሱ 140 ኩንታል አገኘ። ድምሩ 210 ነው። ለሰባት ሲካፈል 30 ይሆናል። ይህ አማካይ ይባላል። ልብ በሉ! 30 ኩንታል ያገኘ ቤት አንድም የለም። ስድስቱ ከዚያ በታች ናቸው።

አሁን ከትንሹ ወደ ትልቁ በተራ እናሰልፋቸው። አራተኛው ቤት መኻል ላይ ይቆማል። ሦስቱ ከእሱ ያነሰ፣ ሦስቱ ከእሱ የበለጠ አላቸው። እሱ ያገኘው 12 ኩንታል ነው። የሂሳብ ሰዎች ይህን «ሚዲያን» ይሉታል። እኛ «የመኻሉ ቤት» እንበለው። ሀብታሙ በሚመጣው ዓመት 280 ኩንታል ቢያገኝ አማካዩ ወደ 50 ይዘላል። የመኻሉ ቤት ግን ያው 12 ነው። የብዙውን ሰው ኑሮ የሚነግረን እሱ ነው።

ገቢ ምንድን ነው?

እኔ ራሴ መጀመሪያ ስጠይቅ ተሳስቻለሁ። አንድ አባትን «በዓመት ስንት ያገኛሉ?» አልኳቸው። «ምን አገኛለሁ ልጄ፣ ለአፌ ነው እንጂ» አሉኝ። እኔም የሸጡትን ሁለት ኩንታል ብቻ ጻፍኩ። በጎተራ ያለውን ገብስ ተውኩት። ይህ ስሕተት ነው። ቤት ውስጥ የሚበላውም ገቢ ነው።

ስለዚህ የተሸጠውንም የተበላውንም እህል ቁጠሩ። ቅቤውን፣ እንቁላሉን፣ ማሩን፣ የቀን ሥራ ክፍያውን፣ ልጅ ከከተማ የላከውን ጨምሩ። ከዚያ የማዳበሪያውን፣ የዘሩን፣ የኮምባይነሩን ኪራይ ቀንሱ። በባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመረታል። በአካባቢው አጠራር «ጋና» እና «ቦና» ይባላሉ። አንዱን ብቻ የቆጠረ ግማሹን ረሳ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። በክፉ ዓመት የሚያርስበትን በሬ የሸጠ ሰው እጁ ላይ ብር አለ። ገቢው ግን አላደገም። ሀብቱ ነው የቀነሰው።

ዓመትን ከዓመት እንዴት እናወዳድር?

እንበልና ከአምስት ዓመት በፊት የመኻሉ ቤት 24,000 ብር አገኘ። ያኔ ኩንታል ስንዴ 2,000 ብር ነበር። ዘንድሮ 50,000 ብር አገኘ። ኩንታሉም 5,000 ብር ገባ። ብሩ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ግን ሂሳቡን ሥሩት፤ ያኔ 12 ኩንታል ነበር፣ ዛሬ 10 ነው። ኑሮው ወደ ኋላ ሄዷል። የጨው፣ የዘይትና የማዳበሪያ ዋጋም እንዲሁ ይታይ።

አንድ ክፉ ዓመትም ብቻውን አይመዘንም። በ2006 ዓ.ም. የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ «ዲጋሉ» የተባለውን የስንዴ ዝርያ መታው። ያን ዓመት መነሻ ያደረገ ሰው ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጥጋብ ይመስለዋል። የቤተሰቡንም ብዛት ጻፉ። ልጅ አግብቶ ጎጆ ሲወጣ አንዱ ቤት ሁለት ይሆናልና የእያንዳንዱ ገቢ ያንሳል።

መንግሥትስ አይቆጥርም ወይ?

ይቆጥራል። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በ1988፣ በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. የቤተሰብን ገቢና ወጪ አጥንቷል። ነገር ግን የሚጠየቁት በዕጣ የተመረጡ ቤቶች ናቸው። ስለ አገርና ስለ ክልል ይናገራል እንጂ ስለ አንድ ቀበሌ ለብቻው ለመናገር አይበቃም። ሰው ገቢውን ይረሳል፣ ግብር ፈርቶም ይደብቃል። ስለዚህ ባለሙያዎች ኑሮን ሲለኩ በገቢው ፈንታ ወጪውንና የተበላውን ይመርጣሉ።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

ቁጥር መጻፍ ችላችኋል፤ እንግዲህ ሥሩበት። ሁለቱም አዝመራ ሲገባ ተሰብሰቡ። እያንዳንዱ ቤት ገቢውን በቁራጭ ወረቀት ይጻፍ። ስም አይጻፍበት። ሁሉም ባርኔጣ ውስጥ ይጣል። ከዚያ ወረቀቶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ መሬት ላይ ደርድሩ። ከግራ አንድ፣ ከቀኝ አንድ እያነሳችሁ ሂዱ። የሚቀረው የመኻሉ ቤት ነው። ሁለት ከቀሩ ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉ።

ቁጥሩን ከዓመተ ምሕረቱና ከኩንታል ዋጋው ጋር በደብተር አስቀምጡ። በሚመጣው ዓመትም በዚያው ወር፣ በዚያው አቆጣጠር ድገሙት። ያን ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ «የዚህ ቀበሌ ገበሬ አልፎለታል» ቢላችሁ ደብተራችሁን ግለጡና አሳዩት።