ከስንዴው ማሳ ሥር ያለውን ባሕር በእርሳስ

በአርሲ ካለችው ሮቤ ወደ ዋቤ ሸበሌ ሸለቆ የሚወርድ ሰው የስንዴውን ማሳና ጥቁሩን አፈር ወደ ኋላ ትቶ ነጣ ወዳለ ድንጋይ ይደርሳል። የአርሲ ደጋ ላዩ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ባዛልት ነው፤ ከሥሩ ያለው የኖራ ድንጋይ ግን ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በጁራሲክ ዘመን፣ በባሕር ወለል ላይ የተነባበረ ነው። ያኔ ባሕሩ ከደቡብ ምሥራቅ ገብቶ የዛሬውን ደጋ ሸፍኖት ነበር። የሶፍ ዑመር ዋሻ የተቦረቦረውም ከዚሁ ዘመን ድንጋይ ነው፤ በዓባይ ሸለቆም ወንድሙ ይታያል። በዚህ ዓይነቱ ድንጋይ ውስጥ ዛጎል፣ ኮራል፣ አልፎ አልፎም አሞናይት የተባለው የጥንት የባሕር እንስሳ እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ ዛጎል ይገኛል።

እንዲህ ያለውን ፍጥረት ካሜራ እያለ በእርሳስ መሣል ለምን ያስፈልጋል? ካሜራ ስንጥቁንም፣ እድፉንም፣ ጥላውንም እኩል ያነሣል። ሠዓሊ ግን ይመርጣል። የአሞናይት ዛጎል ውስጡ በግድግዳ የተከፋፈለ ነው። ግድግዳው ከውጪው ቅርፊት ጋር የሚገናኝበት መስመር ደግሞ እየታጠፈ ይሄዳል፤ ባለሙያዎች ዝርያን ከዝርያ ከሚለዩባቸው ዋና ምልክቶች አንዱ ይህ እጥፋት ነው። ሠዓሊው መስመሩን ብቻ ነጥሎ ይሥላል፤ የዛጎሉ አፍ በየት በኩል እንደሆነም በቀስት ያመለክታል። ብርሃኑ ከላይ ከግራ እንደሚመጣ አድርጎ ያጠላል፤ ይህ የተለመደ ስምምነት ስለሆነ ተመልካቹ ጉብታውን ከጎድጓዳው አያምታታም። ተሰብሮ የጠፋው ክፍል በነጠብጣብ መስመር ይሞላል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነጠብጣብ ነው፤ የታየውን ከተገመተው በግልጽ ይለያል።

በሕይወት ያሉት የባሕር እንስሳት ሌላ ችግር አላቸው፤ ዓሣ ከሞተ በኋላ ቀለሙ ቶሎ ይደበዝዛል፣ አልኮል ውስጥ ሲቀመጥም ይጠፋል። ስለዚህ ገና ትኩስ እያለ መሣል ያስፈልጋል። ኤረንበርግና ሄምፕሪክ የተባሉ ጀርመናውያን ቀይ ባሕርን ሲያጠኑ፣ ሄምፕሪክ እ.ኤ.አ. በ1825 ምጽዋ ላይ ሞተ፤ ኤረንበርግ ግን ተመልሶ በ1834 የቀይ ባሕርን ኮራሎች የሚመለከት ሥራውን አሳተመ። በ1831 ምጽዋ የደረሰው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔልም ከ1835 እስከ 1840 ባወጣው ባለ ሥዕል መጽሐፍ የባሕሩን ዓሦች አስተዋወቀ። ዛሬ በአርሲ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በዚያው መጽሐፍ ነው። ባሕሩና ደጋው በአንድ ሰው ሥራ ተገናኝተዋል።

ለሮቤና ለአሰላ ተማሪዎች እንዲህ ያለው ሥዕል ሩቅ ሙያ አይደለም። ጠንካራ እርሳስ፣ ማስመሪያና ማጉያ መነጽር ለመጀመር ይበቃሉ። ቅሪተ አካል በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ አዋጅ የተጠበቀ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ፈልፍሎ መውሰድ አይገባም፤ መሣል ግን ድንጋዩን ከቦታው አያነቃንቀውም። ከሥዕሉ ጎን መጠኑ፣ ቦታውና የተገኘበት የድንጋይ ንብርብር ከተጻፈ፣ በኋላ የሚመጣ ጂኦሎጂስት ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል።