ከሽፏል የተባለው ሽጉጥ

ጎረቤቴ በነጠላ ጠቅልለው ያመጡትን ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡት ከድምፁ ብረት መሆኑን አወቅሁ። የሟች ባለቤታቸው ማካሮቭ ሽጉጥ ነው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይኼ ነገር ሳይበላሽ አልቀረም። ትናንት የልጅ ልጄ ከሳጥን አውጥቶ ምላጩን ሲስብ ደረስኩበት። ቀጭ አለ እንጂ አልተኮሰም። ሊደግም ሲል ነጠቅሁት» አሉኝ። መበላሸቱ እንዳጽናናቸው ከፊታቸው ያስታውቃል።

እኔ ግን በጦር መሣሪያ ጥገና ብዙ ዓመት ስለሠራሁ፣ የሚያስፈራኝ እንዲህ ያለው ሽጉጥ ነው።

አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ወደ ጓሮው አፈር አዙሬ ካዝናውን አወጣሁ። አምስት ጥይት አለበት። «አሁን ባዶ ሆነ አይደል?» አሉኝ። አልሆነም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማካሮቭ ካዝናው ቢወጣም በርሜሉ ውስጥ ጥይት ካለ ይተኩሳል። ያንን ጥይት ለማውጣት ደግሞ መቆለፊያውን መክፈት ግድ ነው፤ ማለትም ሽጉጡ የሚራገፈው ለመተኮስ በተዘጋጀበት ሁኔታ ነው። የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስስበው ስድስተኛዋ ጥይት ዘላ ወደቀች። ቂጧ ላይ መርፌው የመታት ምልክት አለ፤ ግን ጥልቀት የለውም።

ጥይቷ ጤነኛ ልትሆን እንደምትችል ያን ጊዜ ገባኝ። ስፈታው መርፌው የሚመላለስበት ቀዳዳ በደረቀ ዘይት ተለስኗል። የማካሮቭ መርፌ የሚመልሰው ሞላ የለውም፤ ልቅ ሆኖ ነው የሚመላለሰው። ቆሻሻ ሲይዘው ይዘገይና ጥይቷን ነካ አድርጎ ይቀራል። ማካሮቭ ደግሞ ምላጩ በተሳበ ቁጥር መዶሻው እንደገና ተነሥቶ ይመታል። በመጀመሪያው ምት እምቢ ያለች ጥይት በሁለተኛው ልትፈነዳ ትችላለች። ልጁ ሊደግም ነበር።

ሟቹ ሽጉጡን የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ዘይት አያሳንሱበትም። ጉዳቱም ከዚያው መጣ። ዘይት ሲበዛ አቧራና የባሩድ ጥላሸት ይይዛል፣ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ወደ ጥይቱ መቀጣጠያ ከሰረገም ጥይቱን ያከሽፋል። ፈቃድ ይዛችሁ ሽጉጥ ያላችሁ ሁሉ፣ አራግፋችሁ ካጸዳችሁ በኋላ በስሱ ቀብታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። በቆዳ ማህደሩ ውስጥ አታኑሩት፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝገዋል። ጥይቱን ለብቻው ቆልፉ። ቁልፉን ከፍራሽ ሥር ማድረግ መደበቅ አይደለም፤ ልጆች ከእኛ ቀድመው ያውቁታል።

በተኩስ ሜዳ ጥይት ሲከሽፍ አፈሙዙን ከዒላማው ሳናዞር 30 ሰከንድ እንጠብቅ ነበር፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለና። አፈሙዙን ወደ ፊቱ አዙሮ «ምን ሆነ?» ብሎ የሚያይ ምልምል አጋጥሞኛል። አለቃችን ከዚያ በኋላ የተናገረው በጋዜጣ አይጻፍም።

ጎረቤቴ ሽጉጡን ተሸክመው ወደ እኔ መምጣታቸውም ስህተት ነበር፤ ነግሬያቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ቤት ውስጥ ሲገኝ ሳይነኩ ልጆችን አርቆ ፖሊስ መጥራት ይሻላል። ፈቃዱም በሟች ስም የወጣ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ያስጠይቃል። «የእሱ ማስታወሻ ነው እኮ» ብለው ነጠላቸውን እያጣጠፉ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጁ ከትምህርት ቤት ሳይመለስ እንሂድ» አሉኝ።

አብረን ጣቢያ ሄድን። ስድስተኛዋን ጥይት ለብቻዋ በወረቀት ጠቅልዬ ለተረኛው ሰጠሁት፤ «ይቺ የተመታች ናት፣ በጥንቃቄ ያዛት» ብዬ።