ያውቁ ኖሯል? የመርከብ ቶን ሁልጊዜ ክብደት አይደለም

እህል ነጋዴ ቢጠይቁ ቶን ማለት 10 ኩንታል ነው፤ አለቀ። ባሕር ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል።

መነሻው የወይን ጠጅ በርሜል ነው። በመካከለኛው ዘመን ከፈረንሳይዋ ቦርዶ ወደ እንግሊዝ የሚመላለሱ መርከቦች የሚለኩት በሚጭኑት ትልልቅ በርሜል ብዛት ነበር። አንዱ በርሜል 950 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ቀረጡም የሚታሰበው በዚሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ 100 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 2.83 ሜትር ኩብ ያህል የመርከብ ውስጣዊ ቦታን «አንድ ቶን» አለው።

ታይታኒክ 46,328 ቶን ነበረች ሲባል እንግዲህ የተለካው ሆዷ እንጂ ክብደቷ አይደለም። ክብደቷን የሚነግረን ተንሳፍፋ ሳለች የምትገፋው ውኃ ሲሆን እሱም ወደ 52,000 ቶን ይጠጋል። የጦር መርከቦች እስከ ዛሬ የሚለኩት በዚህ በሚገፉት ውኃ ነው። የጭነት መርከብ ባለቤት ግን በብዛት የሚያወራው ስለ ሌላ ቶን ነው፦ መርከቡ ጭነትን፣ ነዳጅን፣ ውኃን፣ ስንቅንና ሰውን ደምሮ ሊሸከም ስለሚችለው ክብደት።

ግራ መጋባቱን ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ1969 ዓለም አቀፍ ስምምነት ተደረገ፤ በ1982 ሥራ ላይ ሲውል የውስጥ ስፋቱ ልኬት አሃድ የሌለው ተራ ቁጥር ሆነ። ስዊዝ ቦይ ግን ለመተላለፊያ ክፍያ ዛሬም የራሱን ስሌት ይጠቀማል።

ስለዚህ «ይህን ያህል ቶን መርከብ» የሚል ዜና ሲሰሙ የትኛው ቶን እንደሆነ ይጠይቁ።