የቪዲዮ ጨዋታ ሲተረጎም ምን ይቀራል?

ብዙዎቻችን የምንወዳቸው የቪዲዮ ጨዋታዎች የተሠሩት ጃፓን ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ የሚደርሱት ግን በአብዛኛው ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመው ነው። ተርጓሚው የሚለውጠው ንግግሩን ብቻ አይደለም፤ ስምን፣ ምግብን፣ አንዳንዴም ታሪኩ የተፈጸመበትን አገር ጭምር ይለውጣል። ይህን በሁለት ምሳሌዎች እናሳያለን።

የመጀመሪያው ስለ ቅጠል ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ጃፓን ውስጥ በወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብሮስ 3» ማሪዮ ቅጠል ሲያገኝ ጆሮና ጅራት አብቅሎ ይበራል። «አኒማል ክሮሲንግ» በተባለው ጨዋታ ደግሞ የቤት ዕቃ መሬት ላይ ሲጣል ቅጠል ሆኖ ይታያል። ለምን ቅጠል? ጃፓን ውስጥ ታኑኪ የሚባል ከውሻ ወገን የሆነ የዱር እንስሳ አለ። በአገሩ ተረት ታኑኪ ቅጠል አናቱ ላይ አድርጎ ወደ ፈለገው ነገር ይለወጣል፤ ሰውንም ያታልላል። የ«አኒማል ክሮሲንግ» ባለሱቅም ታኑኪ ነው። በጃፓንኛ ታኑኪቺ ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ቶም ኑክ ሆኗል። ስሙን ፈጠን ብለን ስንጠራው «ታኑኪ» የሚል ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ ተርፏል፤ ተረቱን ግን የሚነግረን የለም።

ሁለተኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2001 ጃፓን ውስጥ የወጣው የጠበቃ ጨዋታ «ኤስ አተርኒ» ነው። የጠበቃው ስም ናሩሆዶ ነው። «ናሩሆዶ» ጃፓኖች አንድ ነገር ሲገባቸው የሚሉት ቃል ነው፤ በእኛ «ለካስ!» እንደ ማለት። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝኛ ሲወጣ ስሙ ፊኒክስ ራይት ተባለ። «ራይት» ሲጠራ «ልክ ነው» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አንድ ስለሆነ ቀልዱ አልጠፋም። ነገር ግን ታሪኩ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ፤ ረዳቱ የምትወደው ራመን የተባለው የጃፓን ሾርባም በርገር ሆነ። በተከታዮቹ ክፍሎች የጃፓን ልብስ የለበሱ መንፈስ ጠሪዎች መንደርና የጃፓን ቤተ መቅደስ ሲመጡ፣ ይህ ሁሉ አሜሪካ ውስጥ ነው ማለት የግድ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝኛ የወጣው ሌላ ክፍል የጠበቃውን ቅድመ አያት ታሪክ ይተርካል። ታሪኩ በድሮዋ ጃፓንና በለንደን ስለሚፈጸም አገሩን መለወጥ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ቅድመ አያቱ በእንግሊዝኛም ናሩሆዶ ተብሎ ቀረ፤ ከዘሩ የተወለደው ጠበቃ ግን እስከ ዛሬ ራይት ነው።

ከዚህ የምንረዳው መለወጥ ሁልጊዜ ስሕተት አለመሆኑን ነው። ወዲያው መሰማት ያለበት ቀልድ ቢለወጥ ይጠቅማል። ታሪኩ የቆመበት ባህል ሲለወጥ ግን ሌላው ነገር ሁሉ ይናጋል። እኛም ለጎረቤቶቻችን እንጀራን «እንደ ቻፓቲ ያለ ነው» ብለን ስናስረዳ ይህንኑ ሥራ እየሠራን ነው። ንጽጽሩ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን «እንጀራ» የሚለውን ስም፣ ጤፉንና እርሾውን ጨምረን ብናስተምራቸው ይሻላል።