የኡቡዱ ጠቢብ ሌምፓድ
በባሊ ደሴት፣ በኡቡድ ከተማ አውራ መንገድ ላይ፣ ከካፌዎቹ ኋላ የሎተስ አበባ የሞላበት ኩሬ አለ። ኩሬውን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ የሚሄደው መተላለፊያ የዕውቀት አምላክ ወደሆነችው ወደ ሳራስዋቲ ቤተ መቅደስ ያደርሳል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ይህን የሠሩት ኢ ጉስቲ ኞማን ሌምፓድ ናቸው፤ ያኔ ዕድሜያቸው ዘጠና ግድም ነበር።

ሌምፓድ ኡንዳጊ ነበሩ። በባሊ ኡንዳጊ የሚባለው ሰው ሕንፃውን ያቅዳል፣ ይለካል፣ ሥርዓቱንም ያውቃል። ሜትር አያስፈልገውም። የቤቱን ባለቤት አቁሞ የተዘረጉ እጆቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ክንዱን፣ አውራ ጣቱን ቀጥ አድርጎ የጨበጠውን ጭብጥ ይለካና በቀርከሃ ዘንግ ላይ ምልክት ያደርጋል። በክንድ ጨርቅ ሲለካ ላየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ እዚህ ግን ክንዱ የባለቤቱ ነው፣ ቤቱም በእሱ አካል ልክ ይሠራል። በልኩ ላይ ጥቂት ይታከልበታል፤ ለቤቱ ሕይወት የምትሰጠው ይህች ጭማሪ ናት ብለው ባሊዎቹ ያምናሉ። ምሰሶውም ዛፉ እንደበቀለው ሥር ሥሩ ወደ ታች ሆኖ ይተከላል። የቤተሰቡ መቅደስ በተራራው በኩል፣ ወጥ ቤቱ በባሕሩ በኩል ይሆናል።

ወደ ሳራስዋቲ የሚሄድ ሰው በሩን አይቶ ባይመለስ መልካም ነው። ውስጥ፣ ጥግ ላይ፣ ለታላቁ አምላክ የቆመ ረጅም የድንጋይ ዙፋን አለ። ዙፋኑ ባዶ ነው። ከግርጌው ግን ዓለምን ተሸክሟል የሚባለው ኤሊ ተጋድሟል፣ እባቦችም ተጠምጥመውበታል። ክብደቱ ሁሉ ታች ነው፤ ዓይን ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ድንጋዩ እየቀለለ የሚሄድ ይመስላል። ቅርጹ ግንባታውን ሲያግዝ እንጂ ተለጥፎበት አይታይም። የሌምፓድ ትልቅነት ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

ትውልዳቸው በዱሉ ነው። ቤተሰባቸው ከአካባቢው ገዥ ጋር ተጣልቶ ወደ ኡቡድ ሲሸሽ የኡቡድ መሳፍንት አስጠጓቸው፤ ሌምፓድም በቤተ መንግሥቱ ቅርጽ ቀረጹ፣ ለመሳፍንቱ የሬሳ ማቃጠል ሥርዓት አስከሬን የሚጫንበትን ባለ ብዙ ደርብ ማማ ሠሩ። ያ ሁሉ የተደከመበት ማማ በሥርዓቱ ፍጻሜ በእሳት ይጋያል። በ1927 ጀርመናዊው ሠዓሊ ዋልተር ስፒስ ኡቡድ ከገባ በኋላ ሌምፓድ በስተርጅና ወረቀትና ጥቁር ቀለም ያዙ፤ በ1936 ደግሞ ፒታ ማሃ የተባለውን የሠዓልያን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። ያረፉት በ1978 ነው። ልደታቸውን የመዘገበ ባይኖርም 116 ዓመት እንደኖሩ ይነገራል።

የባሊ ቀራጮች የሚወዱት ፓራስ የተባለው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘ ለስላሳ ነው። ለመሮ ይመቻል፤ ዝናብ ግን ይበላዋል፣ ሽበትም ያለብሰዋል። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የፊቶቹ አፍንጫና ጥርስ ይደበዝዛል፣ ሌላ ቀራጭም መጥቶ እንደገና ያወጣዋል። ስለዚህ ጎብኚው በግንቡ ላይ የቱ የሌምፓድ፣ የቱ የተከታዮቻቸው መሮ እንደሆነ ሁልጊዜ መለየት አይችልም። የራሳቸውን እጅ ብቻ ማየት የፈለገ ከተማው ዳር ወዳለው ነካ ሙዚየም ይሂድ፤ እዚያ በስማቸው የተሰየመ አዳራሽ ውስጥ በጥቁር ቀለም የሣሏቸው ቀጫጭን መስመሮች አሉ።