ቡና የሚጠብቅ ባክቴሪያ

በጅማዋ በቾ ቦሬ ሰፈር ቡና ሲቆላ ጎረቤት የሚጠራው ሽታው ነው። አቦሉ ተቀድቶ፣ ቶናው ተከትሎ በረካው እስኪደርስ ድረስ ጨዋታው ይደራል። ሲኒው ታጥቦ ረከቦቱ ከተነሳ በኋላ ግን ቡናው መንገድ ላይ ነው። ሰዓታት ቆይቶ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ሌላ ጠጪ ያገኛል።

የዚህ ጠጪ ስም ላውሶኒባክተር አሳካሮሊቲከስ ነው። ለምላስ ቢከብድም የሁለተኛው ቃል ትርጉም ቀላል ነው፤ «ስኳር የማይፈታ» ማለት ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች ከሰው ዓይነ ምድር ለይተው ይህን ስም የሰጡት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ኦክስጅን ባለበት አያድግም። ኦክስጅን ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ጎጂ ውሁዶችን ይፈጥራል፤ የእኛ ሕዋሳት እነዚህን የሚያከሽፉ ኢንዛይሞች አሏቸው፣ እንደ እሱ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን መከላከያቸው ደካማ ነው። ስለዚህ በቤተ ሙከራ የሚያሳድጓቸው ሰዎች ኦክስጅኑ የወጣለት፣ በናይትሮጅን፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድና በሃይድሮጅን የተሞላ ዝግ ሳጥን ያስፈልጋቸዋል።

በሆዳችን ውስጥ ያንን ሳጥን ዘግቶ የሚጠብቀው ማን ነው? እኔን በጣም የሚደንቀኝ ይህ ነው። ባክቴሪያው ቡቲሬት የተባለ አሲድ ያመርታል። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና ነዳጃቸው ይኸው ቡቲሬት ነው፤ እሱን ሲያነዱ ከደም የሚመጣውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፣ ወደ ውስጥ የሚያልፈው ጥቂት ይሆናል። ባክቴሪያው ግድግዳውን ይመግባል፣ ግድግዳውም አየሩን ይይዝለታል። ቡቲሬት የሚለው ስም የመጣው ቅቤ ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ በኦሮሞ ባህል ቡናን በቅቤ አብስሎ ቡና ቀላ ለሚያቀርብ ሰው ቡናና ቅቤ በአንድ ታሪክ መገናኘታቸው እንግዳ አይሆንበትም።

ቡናውና ባክቴሪያው በጥናት የተገናኙት በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት ከ150 በላይ ከሚሆኑ ምግቦችና መጠጦች መካከል ከአንጀት ባክቴሪያዎች ጋር በጥብቅ የተያያዘው ቡና ሆኖ ተገኘ። በ2024 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የአሜሪካና የእንግሊዝ 22,867 ሰዎች ተመረመሩ። በብዛት ቡና በሚጠጡት ሰዎች አንጀት የዚህ ባክቴሪያ መጠን ከማይጠጡት ከ4.5 እስከ 8 እጥፍ በለጠ። በቤተ ሙከራም ቡና ሲጨመርለት እድገቱ ጨመረ፤ ካፌይኑ የወጣለት ቡናም ያው አደረገ። ስለዚህ የሚስበው ነገር ለዘመናት ስሙ የገነነው ካፌይን አይደለም። ካፌይን ትንሹ አንጀት ላይ ወደ ደም ይገባል፤ በቡና ውስጥ ያለው ክሎሮጄኒክ አሲድ ግን አብዛኛው ተርፎ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፣ በዚያም ባክቴሪያዎች ይፈቱታል። ባክቴሪያው ባላቸው ቡና ጠጪዎች ደም ውስጥም ከዚህ አሲድ መፈታት የሚመጡት ኪኒክ አሲድና ሂፑሬት ከፍ ብለው ታይተዋል። ይህ ሁሉ ባክቴሪያው ከቡና ጋር መዛመዱን ያሳያል እንጂ ጤና ይሰጣል ማለት አይደለም፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ቡናና ይህ ባክቴሪያ እንዴት እንደሚገናኙ ጅማ ላይም እንዲጠና አጥብቄ እመኛለሁ። የአረቢካ ቡና ተፈጥሯዊ መኖሪያ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ከከተማዋ አጠገብ መልኮ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል የቡና ዝርያዎችን ሰብስቦ ያጠናል። ጅማ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ነው፤ ተክሉን የሚያውቁትና አንጀቱን የሚያውቁት በአንድ ጣሪያ ስር ናቸው።

በ2024ቱ ጥናት በቀን ከሦስት ሲኒ በላይ የሚጠጣ ሰው በብዛት ከሚጠጡት ጋር ተመድቧል። ያ ሲኒ ግን ከእኛው ይተልቃል፣ ቡናውም ከጀበና አልተቀዳም። እኔ ብሆን ከአቦሉ፣ ከቶናውና ከበረካው ለየብቻ ናሙና በመውሰድ እጀምር ነበር፤ በአንድ ዱቄት ላይ ሦስቴ ውሃ ሲጨመርበት የሚወጣው ቡና ውፍረቱ እኩል አይደለምና።