ከተማ ለመገንባት ስንት ጊጋባይት?

መቀሌ ውስጥ ባገለገሉ ላፕቶፖች የጌም ቤት ለመክፈት ያሰበ ነጋዴ ከጌሙ በፊት የማሽኑን ሚሞሪ ቢያይ ይበጀዋል። በ2024 (እ.ኤ.አ.) የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ የሚቀመስ አልሆነም።

ከተማ የሚያስገነቡ ጌሞች ፍላጎታቸው ይለያያል። በ2023 የወጣው «ሲቲስ ስካይላይንስ 2» በትንሹ 8 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ የሚመከረው ግን 16 ነው። የ2015ቱ ቀዳሚው ለገበያ ሲቀርብ 4 ይበቃው ነበር። የ2003ቱ «ሲምሲቲ 4» ግን በ128 ሜጋባይት ይነሳል። መንገዱ፣ ውኃው፣ መብራቱና የግብር አሰባሰቡ በሦስቱም አለ። ሆኖም «ሲምሲቲ 4» የሚሠራው በአንድ ፕሮሰሰር ኮር ብቻ በመሆኑ ከተማው ሲሰፋ በአዲስ ማሽንም ላይ ይንቀራፈፋል።

ሁለተኛው መመዘኛ ኔትወርክ ነው። የ2013ቱ «ሲምሲቲ» ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ በመሆኑ ገዢዎችን አስመርሯል፤ ያለ ኔትወርክ መጫወት የተቻለው በ2014 ነው። በ2020 በተነሳው ጦርነት ስልክና ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦባት ለቆየችው መቀሌ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ቀላል ጌም የመረጠ ነጋዴ ለሚሞሪ የሚያወጣውን ገንዘብ ለተጨማሪ ላፕቶፕ ያውለዋል። ደንበኛውም የጀመረውን ከተማ ለመጨረስ ነገ ተመልሶ ይመጣል።